የዓመት ውል፣ የመቶ ዓመት ዛፍ፦ የደሴው ችግኝ ማፍያ ለምን ተዘጋ?

ደሴ ውስጥ ለብዙዎቻችን “ችግኙ ጋ እንገናኝ” ካልን ሌላ ምልክት አያስፈልግም ነበር። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ፣ በሩ ላይ ስም ያልተጻፈበት ግቢ ነው። ሲገቡ በግራ በኩል በዳስ ሥር የተደረደሩ ችግኞች፣ በቀኝ በኩል አንድ ያረጀ ወይራ፣ ከወይራው ሥር ደግሞ ረከቦትና ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ በርጩማዎች ነበሩ። ችግኝ ሊገዛ የመጣ ቡና ይጠጣል፤ ቡና ሊጠጣ የመጣ ደግሞ አንዲት ጤናዳም ወይም በሶብላ ይዞ ይወጣል። ለ16 ዓመታት እንዲህ ሆኖ ኖረ። ባለፈው ጥር በሩ ተዘጋ።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ባጃጆች ከበሩ ላይ ተሰልፈው፣ ሰው ጽጌረዳውንም የጥብስ ቅጠሉንም እየታቀፈ ይወጣ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ በዚሁ እቀጥላለሁ። ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ ወትሮው “ቤትህ የት ነው? ፀሐይ ያገኘዋል? ውሃ በስንት ቀን ይመጣላችኋል?” እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ነገ የማይኖር ሱቅ መሆኑን ረስተው ሳይሆን፣ ተክሉ ነገም ስለሚኖር። ባለቤታቸው እትዬ በዚያ ቀን የቡና ሒሳብ ከማንም አልተቀበሉም። “የዛሬው ጀባ ነው” እያሉ ከአቦል እስከ በረካ ቀዱ።

የተዘጋበት ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። የግቢው ባለይዞታ አዛውንት ዐረፉ፣ ልጆቻቸው ውርስ ተካፈሉ፣ ሕንፃ ሊሠሩበት ፈለጉ፣ በየዓመቱ ይታደስ የነበረው የኪራይ ውል ዘንድሮ አልታደሰም። ልጆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የሦስት ወር ጊዜ ሰጥተዋል፣ የመጨረሻውን ወር ኪራይም አልጠየቁም። ሕግ የጣሰ ሰው የለም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው፤ ማንም ሳይበድል፣ ሁሉም ነገር በወጉ ሄዶ፣ አንድ ከተማ ሊተካው የማይችለውን ነገር ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ “ማን ዘጋው?” ከማለት ይልቅ “እንዲህ ያለ ሥራ በከተሞቻችን ውስጥ ምን ላይ ቆሞ ነበር?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መልሱን ከወይራው ልጀምር።

የወይራ ፍሬ ውስጡ ድንጋይ ነው። ጋሼ ፍሬውን አጥበው ሥጋውን ካወለቁ በኋላ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ከበርጩማቸው ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን በፒንሳ ይዘው ጫፉን ሰበር ያደርጉታል። ጠቅ የምትል ድምፅ አላት። ከበድ አድርገው ከጨበጡት ውስጡ ይደቃል፤ ቀለል ካደረጉት አይሰበርም። ካልተሰበረ ደግሞ ውስጡ ያለው ዘር ቅርፊቱን ጥሶ ለመውጣት አቅም ስለሚያጣ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ተሰብሮም ቢሆን የሚበቅለው ከፊሉ ነው። የበቀለው በደሴ ብርድ ክንድ ያህል እስኪሆን ሁለት ክረምት ያልፈዋል። ጥድም ቢሆን ከተዘራው ብዙው አይወጣም፤ የወጣውም አይቸኩልም። ዝግባም እንዲሁ ነው። እነዚህ ዛፎች ሰውን ሳይሆን ዘመንን የሚጠብቁ ናቸው፤ ዛሬ የዘራቸው ሰው ሽጦ ገንዘቡን የሚያየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ባሕር ዛፍ ግን ጥር ላይ ተዘርቶ ለሐምሌ ተከላ ይደርሳል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ደጋውን ሁሉ የሞላው በከንቱ አይደለም። ለማገዶ፣ ለቤት ማዋቀሪያ፣ ለልጅ ደብተር መግዣ ይሆናል፤ ገበሬው ቢወደው አልፈርድበትም። አሁን በአንድ ዓመት ውል መሬት የተከራየ ችግኝ አፍይ ምን እንደሚዘራ አስቡ። የሚቀጥለው ዓመት በእጁ ስላልሆነ ሁለት ክረምት የሚጠይቅ ዘር ባይዘራ ነው የሚሻለው። ባሕር ዛፍና ቶሎ የሚያብብ አበባ ይዘራል። የአገር በቀል ዛፍ ከገበያው የጠፋው ሕዝቡ ስላልፈለገው ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ከጋሼ ግቢ ያየሁት ሌላ ነው፤ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ የሚጠይቅ ሰው ሳይመጣ የዋለበት ቀን አልነበረም። የጠፋው ሁለት ክረምት መጠበቅ የሚችል መሬት ነው። የውሉ ርዝመት ነው ዛፉን የሚመርጠው።

ጋሼ በአንድ ዓመት ውል ወይራ ይዘሩ የነበሩት ነገሩ ስላልገባቸው አይደለም። አዛውንቱ ባለይዞታ በሕይወት እያሉ “እኔ እስካለሁ ማን ያስነሣሃል” ብለዋቸው ነበር። 16 ዓመት የተሠራበት ዋስትና ይህ የአንድ ሰው ቃል ነው። ቃሉ የታመነ ነበር፤ ቃል አክባሪው ግን ሟች ነው።

ይህ የጋሼ ብቻ ችግር አይደለም። በየከተማችን ያሉትን ችግኝ ማፍያዎች አንድ በአንድ ብታዩ የት እንደሚገኙ ትገነዘባላችሁ፤ ከወንዝ ዳር፣ ከመንገድ ጠርዝ፣ ተራው ደርሶ ግንባታ ካልተጀመረበት ባዶ ቦታ። ሁሉም “ለጊዜው” በሚባል መሬት ላይ ናቸው። ደሴ ላይ ይህ ነገር ይብሳል። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራራና በገደል መካከል የተዘረጋች ናት። በአንድ ወገን ጦሳ፣ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል ይዘዋታል። ዳገቱ ላይ እንዳይሠራ የመሬት መንሸራተት አለ፤ የደሴ ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሰጋው ሥጋት ነው። ስለዚህ ሜዳ የሆነ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ብዙ ዓይን ያርፍበታል። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ 151 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎች መጡ፣ ከየወረዳው ኑሮ ፍለጋ የመጡትም አሉ። ሰው ሲጨምር ሜዳው አይጨምርም። ችግኝ የተደረደረበት ግቢ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ቢቆምበት የሚያስገኘውን ኪራይ አስሉና ወራሾቹን አትፍረዱባቸው።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን ይላል? ያነበብኩትን ላካፍል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለተከራይ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ስሙ እንደሚለው ለመኖሪያ ቤት ነው። ለሥራ የተከራየ ግቢ ይህ ጥበቃ አይደርሰውም። በ2004 የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሲፈቅድ ለከተማ ግብርና የሰጠው ጣሪያ 15 ዓመት ነው። 15 ዓመት ለችግኝ ማፍያ የሚበቃ ጊዜ ነው፤ ጋሼ 15 ዓመት የተጻፈ ውል ቢያገኙ ኖሮ ግቢውን በሙሉ በወይራና በኮሶ ይሞሉት ነበር። ነገር ግን በሊዝ ገበያ ላይ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ሆቴል ከሚሠራ ሰው ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን “ቋሚ” የምትለው ቃል ናት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ዜጋው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ላፈራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል መብት ይሰጠዋል። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161ም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲለቀቅ በላዩ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ያስባል፤ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሊተከል ለሚችል ንብረት ደግሞ የማንሻና የማጓጓዣ ወጪ። ችግኝ በፕላስቲክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በሕጉ ዓይን እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ተነሥቶ የሚሄድ ዕቃ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን በጥር ፀሐይ ከዳስ የወጣ ችግኝ በጭነት መኪና ሲንገላታ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጋሼ 16 ዓመት በፍግና በብስባሽ ያለሰለሱት አፈርም እዚያው ነው የቀረው፤ ለመሠረት ሲቆፈር ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይወጣል። ለነገሩ የእሳቸው ጉዳይ የኪራይ ውል ማብቃት እንጂ የልማት መነሣት ስላልሆነ የካሳ ሕጉም አይደርስላቸውም።

ወሎ ላይ የዛፍና የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጋሼ ሙያውን የተማሩት ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ በምግብ ለሥራ በተቋቋመ ችግኝ ጣቢያ ነው። የቀን ደመወዙ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። “እናቴን ያተረፍኩት በችግኝ ነው” ይላሉ፤ ስንዴውን ማለታቸው ነው። በዚያ ዘመን የወሎ ተራሮች እርከን ተሠራላቸው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተተከለባቸው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ ደን ብዙው በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨፈጨፈ። የተከለው ገበሬ ራሱ ነው የቆረጠው። ለምን? ዛፉ የማን እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም፤ የመንግሥት ነው ብሎ ያምን ነበር፣ መንግሥቱ ሲሄድ ባለቤት የሌለው ሆነ። ከዚያ የተረፉ ጥዶች ዛሬም በየተራራው ወገብ ላይ ይታያሉ። ጋሼ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ አንዱን ጉብታ በጣታቸው እያሳዩ “ያ የእኛ ነው” ይላሉ። የእኛ ሲሉ የሠራነው ማለታቸው ነው፤ በወረቀት የማንም አይደለም።

አሁን ወደ ዘመናችን ልመለስ። ከ2011 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ይተከላል። ሐምሌ 22/2011 በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ጦሳ ላይ አካፋ ይዤ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ዘመቻውን የማነሣው ለመንቀፍ አይደለም። ግን አንድ ነገር ሳይታሰብ ቀርቷል። በመንግሥትና በማኅበራት ጣቢያዎች የሚፈላው ችግኝ በነጻ ሲታደል በግሉ የሚያፈላ ሰው የደን ችግኝ በብዛት መሸጥ አይችልም። ጋሼም ቀስ በቀስ ወደ ፍራፍሬና አበባ ዞሩ፤ ወይራና ኮሶውን የያዙት ለትርፍ ሳይሆን ለራሳቸው ደስታ ነበር። ከግል አፍዮች ችግኝ በውል ቢገዛ ኖሮ፣ ጥቂቱም ቢሆን፣ የወይራ ዘር የሚሰብሩ እጆች ሥራ አይፈቱም ነበር።

በነጻ የማይታደል ነገርም አለ፤ ምክር። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ሦስት የማንጎ ችግኝ ሊገዛ መጥቶ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር።

“ቤትህ የት ነው?” አሉት።

“እዚሁ ሆጤ።”

“ደሴ ላይ ማንጎ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥህም፤ ብርዱ አያሳድገውም። ኮምቦልቻ ወይ ሐርቡ ዘመድ ካለህ ውሰድለት፣ እሱ ይበላበታል። ላንተ ፖም ልስጥህ፤ ፖም ብርድ ይወዳል።”

“ጋሼ፣ ልጆቼ ማንጎ ነው የጠየቁኝ እኮ።”

“አብሽር፣ ፖሙ ሲያፈራ ይረሱታል።”

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ነው የሚራራቁት፤ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሰውየው ያን ቀን ሦስት ማንጎ ከሚሸጥለት ሌላ ነጋዴ ቢገዛ ኖሮ አምስት ዓመት ውሃ አጠጥቶ ቅጠል ይሰበስብ ነበር። ጋሼ የሦስት ችግኝ ሽያጭ ትተው አንድ ሸጡ። እንዲህ ያለ ዕውቀት በየቀበሌው፣ በየከፍታው፣ በየአፈሩ ይለያያል፤ በብሮሹር አይታተምም። ሰው ውስጥ ነው ያለው፤ ሰውየውን የምታገኙበት ቦታ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል።

ቡናው ለምን እንዳስፈለገ ብዙ ሰው አይገባውም ነበር፤ ለመዝናኛ የተጨመረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ችግኝ በዓመት ሦስት ወር የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ገንዘብ ይገባል፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት ገንዘብ ይወጣል። ውሃ ማጠጣት፣ ማረም፣ ሥሩ ከፕላስቲኩ እንዳያልፍ መግረዝ፣ ዳሱን ማደስ ሁሉ በበጋ ነው። የሦስት ሠራተኞችን የበጋ ደመወዝ የሚከፍለው የእትዬ ጀበና ነበር። ቧንቧ በማይመጣበት ሰሞን በበርሜል የሚገዛው ውሃም ከዚያው ነው የሚወጣው። ሐምሌ 22/2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ የችግኝ ፕላስቲክ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ። ቀኑ አረንጓዴ አሻራ በአንድ ጀንበር ከተከለበት ቀን ጋር መግጠሙን ያስተዋልኩት ይህን ስጽፍ ነው። በ2017 ደግሞ የዓለም የአረቢካ ቡና ዋጋ በየካቲት አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ቡና ላምራች አገር ደስታ ነው፤ ጀበና ለምትጥድ እናት ግን ሲኒው ላይ ዋጋ መጨመር ማለት ነው። እትዬ ዓመት ሙሉ ሳይጨምሩ ቆይተው ነበር፤ “ተማሪው ከየት ያመጣል” ይሉ ነበር።

ስለ ተማሪው ካነሣሁ፣ ከወይራው ሥር ማን ይቀመጥ እንደነበር ልናገር። ጧት ጡረተኞች። ከሰዓት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚመጡ አባቶች አንዱ የሌላውን በርጩማ ይዞ ይጠብቀዋል። የሙሽራ ፎቶ አንሺዎች ጽጌረዳው ሥር ሰው ሲያስነሡ እትዬ “ዛሬ የሷ ቀን ነው፣ ተነሡላት” ይላሉ። በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ የነበረችው ደሴ ኅዳር 27/2014 ወደ መንግሥት እጅ ስትመለስ ጋሼ ከተሰደዱበት ሲደርሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ግቢው ነበር። አበባው ደርቋል፣ የዳሱ ሸራ ተወስዷል፣ ወይራዎቹ ግን እርጥብ ነበሩ። አንዲት ጎረቤት፣ ከተማዋን ለቀው መውጣት ያልቻሉ አሮጊት፣ ለራሳቸው ከሚቀዱት ውሃ በጣሳ እያካፈሉ ሲያጠጧቸው ከርመዋል።

አንድ ደንብ ደግሞ ነበራቸው። ለመቃብር የሚሆን ተክል አይሸጡም። ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ መቃብር ላይ የሚተክለው ሬት ሲፈልግ፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያን አጸድ ጥድ ሲጠይቅ፣ ጋሼ ራሳቸው መርጠው፣ አፈሩን በውሃ አርሰው ይሰጡታል እንጂ ዋጋ አይነግሩትም። እኔም ከዚያ ግቢ ያለ ክፍያ የወሰድኩት ሬት አለኝ።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይቻላል? ወራሾቹን መሬታቸውን አትሥሩበት ማለት አይቻልም። የከተማ ሜዳ ሁሉ ችግኝ ማፍያ ይሁንም አልልም። ነገር ግን በየከተማው ብዙ መሬት ያላቸውና የማይቸኩሉ ባለይዞታዎች አሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች። ለእነዚህ 10 ዓመት ረጅም ጊዜ አይደለም። ከግቢያቸው ጥግ ቆርሰው ለ10 ዓመት በተጻፈ ውል ለእንዲህ ያለ ባለሙያ ቢያከራዩ ግቢያቸው ይለማል፣ ተማሪውም ይማርበታል። ሕጉ ለከተማ ግብርና የፈቀደውን 15 ዓመት ከተሞች ያለ ጨረታ ውድድር ለችግኝ ማፍያ ቢመድቡትም ነገሩ ይለወጣል።

ከዚህ ሁሉ ግን በጣም ቀላሉ፣ ማንንም ምንም የማያስወጣው፣ የወር ጉዳይ ነው። የጋሼ ውል ያበቃው በጥር ነው። ጥር ላይ ችግኝ መሬት ላይ አይተከልም፤ ዝናብ የለም። በጥር የሚዘጋ ችግኝ ማፍያ ማለት ለሰኔ የተዘጋጀው ሁሉ ይበላሻል ማለት ነው። ውሉ በነሐሴ መጨረሻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ችግኝ ተሽጦ፣ ተተክሎ፣ ግቢውን ባዶውን በተረከቡት ነበር፤ ወራሾቹም ሰባት ወር ነው የሚጠብቁት። ችግኝ ለሚያፈላ ሰው መሬት የምታከራዩ ሁሉ፣ የምለምናችሁ ይህችን ብቻ ነው፤ የውላችሁ ማብቂያ ነሐሴ ይሁን። ውል የምትጽፉ ጠበቆችም ይህን አንድ መስመር ጨምሩበት።

በመጨረሻው ቅዳሜ ማታ ያልተሸጡት ወይራዎቹ ነበሩ። 340 ቆጠርን። ክንድ ያልሞሉ፣ ለዓይን የማይስቡ፣ አበባ ሊገዛ የመጣ ሰው እያለፋቸው የሄደ። ጋሼ የሚጭኑበት ቦታ አልነበራቸውም፤ የተከራዩት ቤት ግቢው ለልብስ ማስጫ እንኳ አይበቃም። ከመስጊድ የመጡ ሽማግሌዎች 100 ወሰዱ፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት 120። የቀረነው ደንበኞች በባጃጅም በእጃችንም ተከፋፈልናቸው። እትዬ ረከቦቱን አጥበው ሲያስሩ ጋሼ እያንዳንዳችንን “እስከ ሰኔ በሁለት ቀን አንዴ፣ ማታ ማታ አጠጣ። ግንቦት ላይ ውሃውን ቀንስበት፣ ይጠንክር። ሥሩ ከታች ከወጣ በምላጭ ቁረጠው፣ አትጎትተው” ይሉን ነበር።

እኔ 12 ይዤ መጣሁ። የምኖረው በኪራይ ነው፤ ችግኞቹ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ሥር ተደርድረዋል። የሁለቱ ሥር ከፕላስቲኩ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ መፈለግ ጀምሯል፤ ትናንት በምላጭ ቆረጥኩት። እስከ ሐምሌ የሚተከሉበት መሬት ማግኘት አለብኝ፤ የማውቃቸውን ሁሉ እየጠየቅሁ ነው።